ጠርሙሱ ሙሉ፣ ራዲያተሩ ጎዶሎ፦ በቤት የተሠራ የኩላንት አላርም የጉዳይ ጥናት

ይህ የመኪና ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ሲጎድል እንዲጮህ ሁለት ጊዜ ስለተሠራ አንድ አላርም ነው። የመጀመሪያው አልተበላሸም። እንዲያውም በደንብ ይሠራ ነበር። የሚጠብቀው ግን የተሳሳተውን ቦታ ነበር። ስህተቱ የኛ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ከነዝርዝሩ ላስቀምጠው። የሰዎቹን ስም ትቻለሁ። ባለመኪናው ወዳጄ ነው። መካኒኩ ሁለታችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። ካውያ የያዝኩት እኔ ነኝ።

መነሻው

መኪናው ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ባለ ቤንዚን ሞተር ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሙቀት ቀስት አለ። የኩላንት መጠን የሚናገር መብራት ግን የለውም።

አንድ ቀን ረጅም መንገድ ላይ የራዲያተሩ የታችኛው ጎማ ቱቦ ፋሸታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ሥር ተሰነጠቀ። ኩላንቱ ፈሶ አለቀ። ወዳጄ ቀስቱን ያየዋል፤ መሃል ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ ወደ ታች ወረደ። «ጎሽ፣ ቀዘቀዘ» ብሎ መንዳቱን ቀጠለ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞተሩ አቅም አነሰው፣ አንኳኳ፣ ቆመ።

ቀስቱ ለምን ወረደ? የሙቀት ሴንሰሩ ኩላንቱ በሚያልፍበት ቦይ ላይ የተጠመደ ትንሽ ዕቃ ነው። የሚለካው የነካውን ፈሳሽ ሙቀት ነው። ፈሳሹ ሲያልቅ ሴንሰሩ አየርና እንፋሎት ውስጥ ይቀራል። አየር ደግሞ ሙቀትን እንደ ፈሳሽ አያስተላልፍም። ብረቱ እየጋለ ቀስቱ ሊወርድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣመመ፣ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ተቃጠለ። ቴስታታው በማሽን ተላገ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ቱቦዎቹ በሙሉ አዲስ ሆኑ። ወዳጄ መኪናውን ሲረከብ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ኩላንቱ ሲጎድል የሚጮህ ነገር ልትሠራልኝ ትችላለህ?»

የመጀመሪያው ሥራ

ሐሳቡ ቀላል ነው። ኩላንት ውስጥ ዝገት የሚከላከሉ ኬሚካሎች ስላሉ ፈሳሹ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሁለት ብረት ፈሳሹ ውስጥ ከነከርክ በመካከላቸው ትንሽ ከረንት ያልፋል። ፈሳሹ ከብረቶቹ በታች ሲወርድ ከረንቱ ይቋረጣል። ያን መቋረጥ ወደ ጩኸት መቀየር ነው ሥራው።

ሁለት የማይዝጉ ቡሎኖች ገዛን። የሪዘርቫውን (የትርፍ ኩላንቱን) ጠርሙስ አውልቀን፣ ዝቅተኛውን መጠን ከሚያሳየው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ በትራፓኖ በሳነው። ቡሎኖቹን በጎሚኒና በዳዶ አጠበቅን። ከነሱ የተነሳው ሽቦ ወደ ሁለት ትራንዚስተር (በትንሽ ከረንት የሚከፈት የኤሌክትሮኒክስ በር) ሄደ፤ ሁለቱም ቢሲ 547 ናቸው። ፈሳሽ ሲኖር የመጀመሪያው ትራንዚስተር ይከፈትና ሁለተኛውን ያፍነዋል። ፈሳሽ ሲጠፋ የመጀመሪያው ይዘጋል፣ ሁለተኛው ነፃ ይወጣል፣ ቡዘሩ ይጮኻል።

አሠራሩን በዚህ አቅጣጫ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። የሴንሰሩ ሽቦ ቢበጠስ አላርሙ ፈሳሽ እንደጠፋ ቆጥሮ ይጮኻል። በተቃራኒው ቢሠራ ኖሮ የተበጠሰ ሽቦ ዝም ይል ነበር፤ ዝም ያለ አላርም ደግሞ ሰላም የሆነ ይመስላል።

ወዲያው ሁለት ነገር አስቸገረን።

አንደኛው፣ መኪናው በታጠፈና ፍሬን በያዘ ቁጥር ቡዘሩ ጢጥ ጢጥ ይላል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይወዛወዛላ። መፍትሔው ማዘግየት ነው ብዬ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ። ሁለቱ ሲባዙ 10 ሰከንድ ይሰጣሉ። በኩራት ሰዓት ይዤ ለካሁት። ግማሽ ሰከንድ! ለካ ትራንዚስተሩ ካፓሲተሩ እስኪሞላ አይጠብቅም። 0.7 ቮልት ካገኘ ይነቃል፤ ከ14 ቮልት ውስጥ 0.7 ላይ ለመድረስ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ይበቃል። ከትራንዚስተሩ በፊት የ6.8 ቮልት ዜነር ዳዮድ (ቮልቱ እዚያ ካልደረሰ የማያሳልፍ ዕቃ) ሳስገባ መዘግየቱ ወደ 7 ሰከንድ ተጠጋ። ጢጥታው ቆመ።

ሁለተኛው ቀስ ብሎ የመጣ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡሎኖቹን አውጥተን ስናይ አንዱ ጠቁሯል፤ ጥርሱ ላይ ቡናማ ልጣጭ ይዟል። ሌላው ንጹሕ ነው። ባለ አንድ አቅጣጫ ከረንት ፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ አንደኛውን ብረት ይበላል። እኔ ደግሞ «ምልክቱ ጠንካራ ይሁን» ብዬ 1 ኪሎ ኦም ብቻ ነበር ያስገባሁት። ጥቂት ሚሊ አምፔር ቀን በቀን እየበላ ነበር። ወደ 100 ኪሎ ኦም ከፍ አደረግነው። ጥቁረቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ይህን ሁሉ ካስተካከልን በኋላ ሥራው አለቀ ብለን ነበር። ጠርሙሱን ጎደል ስናደርገው ይጮኻል፣ ስንሞላው ዝም ይላል። ሌላ ምን ይፈለጋል?

ዝምታው

ከሁለት ወር በኋላ መኪናው ቺንጊያ ለማስቀየር ጋራዥ ገባ። ሞተሩ ሌሊቱን ስላደረ ቀዝቅዟል። ጋሼ እንደ ልማዳቸው የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ጣታቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ደርቆ ወጣ።

ጠርሙሱን አየነው። በሁለቱ መስመሮች መካከል፣ እንደ ሁልጊዜው። አላርሙ ጤነኛ ነው፤ ሽቦውን ስንነቅለው ይጮኻል። ራዲያተሩን በሊትር መለኪያ እየለካን ስንሞላው 1.6 ሊትር ጠጣ።

«ቀስቱም ያኔ አልዋሸም፤ የጠየቃችሁትን ነው የነገራችሁ። ይኼም እንደዚያው ነው» አሉ ጋሼ። «ጠርሙሱን ጠየቃችሁት፣ ስለ ጠርሙሱ ነገራችሁ።»

እንዴት ሊሆን ቻለ? በዚህ ዓይነት መኪና የግፊት ክዳኑ ያለው ራዲያተሩ ላይ ነው። ጠርሙሱ ግፊት የለበትም፤ በቀጭን ቱቦ ብቻ ከራዲያተሩ አንገት ጋር ይገናኛል። ክዳኑ ሁለት ቫልቭ አለው። ኩላንቱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ግፊቱ ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሲያልፍ (የኛው 1.1 ባር ይላል) ትልቁ ቫልቭ ይከፈትና ትርፉ ወደ ጠርሙሱ ይገፋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኩላንቱ ይሰበሰባል። ራዲያተሩ ውስጥ ክፍተት ሲፈጠር ትንሹ ቫልቭ ተከፍቶ ከጠርሙሱ መልሶ ይጠጣል። ሁሉም ጤነኛ ከሆነ ራዲያተሩ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ጉድለቱ የሚታየው ጠርሙሱ ላይ ነው። እኛም የተማመንነው በዚህ ነበር።

የኛ መኪና ቀጭን ቱቦ ግን አንገቱ ጋ ጸጉር በሚያህል ስንጥቅ ተሰንጥቋል። ዋናዎቹ ቱቦዎች ሲቀየሩ እሱን ማንም አላሰበውም። ቱቦው ላይ አረንጓዴ ደረቅ ቅርፊት ነበር፤ ስንት ጊዜ አይተን አልፈነዋል። ሲሞቅ የሚገፋው ኩላንት በስንጥቁ ይንጠባጠብና ትኩስ ብረት ላይ ይደርቃል። ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩ በዚያው ስንጥቅ አየር ይስባል። አየር ከፈሳሽ ይቀላል፤ ቀላሉን ትቶ ከጠርሙስ ድረስ ለምን ይጎትታል? በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ኩላንት ወጣ፣ በምትኩ አየር ገባ። ጠርሙሱን ማንም አልነካውም።

ስንጥቁ ሌላ ቦታ ቢሆንም ውጤቱ ያው ሊሆን ይችላል። ራዲያተሩ ላይ፣ የውሃ ፓምፑ ላይ ወይም ማሞቂያው ቱቦ ላይ መርፌ ቀዳዳ ቢኖር፣ ሲሞቅ ኩላንት ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝ አየር ያስገባል። ጠርሙሱ ምስክር መሆኑ የሚቀረው ልክ በተፈለገበት ሰዓት ነው።

ግፊት የሚይዝ ጠርሙስ ባላቸው መኪናዎች ነገሩ ሌላ ነው። የግፊት ክዳኑ ጠርሙሱ ላይ ከሆነና ወፍራም ቱቦ ከሥሩ ከተያያዘ፣ ጠርሙሱ የሲስተሙ አካል ነው። ብዙውን ጊዜ ከፍታውም ከሁሉ በላይ ስለሆነ ጉድለቱ በቅድሚያ እሱ ላይ ይታያል። የመጀመሪያው አላርማችን እዚያ ቢሆን ኖሮ ይበቃ ነበር። እኛ የክዳኑን ቦታ ሳናይ ጀመርን።

ሁለተኛው ሥራ

ሴንሰሩ ጉድለቱ መጀመሪያ ወደሚደርስበት ቦታ መሄድ ነበረበት። አየር ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ ያ ቦታ የራዲያተሩ ላይኛው ጋን ወይም የላይኛው ወፍራም ቱቦ ነው። የራዲያተሩ ጋን ፕላስቲክ ነው። ጋሼ «ግፊት ያለበትን ፕላስቲክ አልበሳም» አሉ፤ ትክክል ነበሩ። የሙቀት መለኪያ ለሚጨምሩ ሰዎች የሚሸጥ የአሉሚኒየም ማገናኛ አለ። ቱቦው ተቆርጦ መሃል ይገባል፣ ጎኑ ላይ ጥርስ ያለው ቀዳዳ አለው። እሱን ከራዲያተሩ አጠገብ፣ ቱቦው ከፍ በሚልበት ቦታ አስገባን። ቀዳዳው ወደ ላይ ዞሯል፤ የሴንሰሩ ዘንግ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።

ዘንጉ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት ነው። መሃሉ የተበሳ ቡሎን ውስጥ፣ በቴፍሎን ቱቦ ተሸፍኖ ገባ። በኢፖክሲ ዘጋነው። ወደ መኪናው ከመሄዱ በፊት አንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ቀቀልነው። ጥሩ አደረግን፤ ተራው ኢፖክሲ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ወጣ። ሙቀት የሚችለውን ፈልገን ደገምነው። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ክፍት ዕቃ ውስጥ 107 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በ1.1 ባር ክዳን ሥር ሆኖ ግን ከ125 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ 100 ዲግሪ የሚችል ማጣበቂያ እዚህ ቦታ የለውም።

ሰርኪዩቱንም ቀየርኩት። ብረቱ እንዳይበላ ከረንቱ ተለዋዋጭ መሆን አለበት። ሲዲ 40106 የሚባል፣ ስድስት ኢንቨርተር (ምልክት የሚገለብጥ ክፍል) የያዘ ርካሽ ቺፕ ይህን ይሠራል። አንዱ ኢንቨርተር ወደ 1000 ኸርዝ የሚጠጋ ምልክት ያመነጫል። ምልክቱ በካፓሲተር በኩል ወደ ዘንጉ ይሄዳል። ካፓሲተሩ ቀጥተኛ ከረንት አያሳልፍም። ፈሳሽ ካለ ምልክቱን ወደ ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ወደተገናኘው የመኪናው አካል) ይጎትተዋል። ፈሳሽ ከሌለ ምልክቱ ሳይነካ ይቀጥልና አላርሙን ይቀሰቅሳል። ይህ ቺፕ የሚነቃው ቮልቱ ግማሽ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ መዘግየቱም ታማኝ ነው። 1 ሜጋ ኦምና 10 ማይክሮፋራድ ወደ 10 ሰከንድ ሰጡኝ።

ማገናኛው በሁለት ጎማ መሃል ስለተቀመጠ ከሞተሩ ብረት ጋር አይገናኝም። ከሱ ወደ ማሳ አንድ ሽቦ ዘረጋን። ኃይሉ የመጣው ከፊውዝ ሳጥኑ፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚነቃ መስመር ነው፤ የራሱ 1 አምፔር ፊውዝ አለው። ቺፑ የሚችለው እስከ 18 ቮልት ነው። መኪና ውስጥ 12 ቮልት የሚባለው ሞተሩ ተነስቶ ሲሠራ 14 አካባቢ ይደርሳል፣ አልፎ አልፎም ከፍተኛ ዝላይ አለው። ስለዚህ መግቢያው ላይ 100 ኦም ሬዚስተር፣ የ12 ቮልት ዜነርና መቶ ማይክሮፋራድ አስቀመጥን።

የወደድኩት ክፍል ይኼ ነው፦ ቁልፉ ሲዞር አላርሙ ከጩኸት ይጀምራል። ፈሳሽ ካገኘ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ራሱ ይቆማል። ወዳጄ በየቀኑ ጠዋት ያን አንድ «ጢጥ» ይሰማል። ካልሰማ አላርሙ ሞቷል። ተሰምቶ ካልቆመ ኩላንት ጎድሏል።

ሙከራው

በዚህኛው ጊዜ ጠርሙሱን ማጎደል አልበቃንም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት፣ ከራዲያተሩ ሥር ባለው መክፈቻ ኩላንቱን በንጹሕ ሳፋ እየቀዳን ለካን። (ትኩስ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ግፊቱ ሲለቀቅ ኩላንቱ እዚያው ፈልቶ ፊት ላይ ይተፋል።) በየ100 ሚሊሊትሩ ቁልፉን እያዞርን አዳመጥን። 700 ሚሊሊትር ሲወጣ ጩኸቱ አልቆመም። ጠርሙሱ ያኔም ልክ ነበር።

ከዚያ በጎደለው ላይ ሞተሩን ለአጭር ጊዜ አስነሳን። እዚህ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ፓምፑ ሲዞር ኩላንቱን እየረጨ ዘንጉን ያርሰዋል። እያንዳንዱ ርጭት መዘግየቱን ከዜሮ ያስጀምራል። አላርሙ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ዝም ይላል። ሳይቆራረጥ የጮኸው 1.5 ሊትር ገደማ ሲጎድል ነው። ማለትም ትክክለኛው ፍርድ የሚገኘው ጠዋት፣ ፈሳሹ ረግቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ወዳጄ ቁልፉን አንድ እርምጃ አዙሮ «ጢጡ» እስኪቆም ይጠብቃል፣ ከዚያ ያስነሳል።

በሲኒ የተቀዳ ንጹሕ ዲስትልድ ውሃ ላይም ዘንጉን ነክረን ሞከርን። ጮኸ። ዲስትልድ ውሃ ብቻውን ከረንት በደንብ ስለማያስተላልፍ አላርሙ ፈሳሽ የሌለ ይመስለዋል። በኩላንት ከተቀላቀለ ግን ችግር የለም።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ከሰባት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ጩኸቱ አልቆመም። 800 ሚሊሊትር ጎድሎ ነበር። የውሃ ፓምፑ ከሥሩ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ያንጠባጥባል፤ ቀዳዳዋ የተሠራችው የፓምፑ ማኅተም ሲያረጅ እንድትናገር ነው። ፓምፑ ተቀየረ። ሞተሩ አልሞቀም። ዘንጉን አውጥተን አየነው፤ ቡናማ ልጣጭ የለበትም።

የውሸት ጩኸት ሁለት ጊዜ አጋጥሟል። አንዱ የሴንሰሩ ሶኬት ረጥቦ ሲዝግ፣ ሌላው ኩላንት ከተቀየረ በኋላ አየሩ በደንብ ሳይወጣ ሲቀር። ሁለተኛውን የውሸት ማለት ይከብደኛል። ራዲያተሩ በእርግጥ አልሞላም ነበር።

ያልፈታነው አንድ ድክመት አለ። የሴንሰሩ ሽቦ ቢበጠስ አላርሙ ይጮኻል፤ ይህ ጥሩ ነው። ሽቦው ተላጦ የመኪናውን አካል ቢነካ ግን ምልክቱ ወደ ማሳ ይሄዳል፣ አላርሙም ሙሉ ነው ብሎ ያምናል። የጠዋቱ «ጢጥ»ም ይሰማል፣ ይቆማል። ያሳሰበኝ ይኼኛው ነው። ሽቦውን በወፍራም ሽፋን አስገብተን ከሚነዝር ብረት አራቅነው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ወዳጄ ሶኬቱን ዘንጉ ጋ ይነቅላል። ከጮኸ ሽቦው ጤነኛ ነው።

አላርሙ ስለ ሙቀት ምንም አያውቅም። ቴርሞስታት ተዘግቶ ቢቀር፣ ፋኑ ባይዞር፣ ራዲያተሩ ቢደፈን ኩላንቱ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ሊግል ይችላል። የሙቀት ቀስቱ ሥራ አልቀረም።

ለሌላ መኪና የሚሻገር

ትራፓኖ ከማንሳትህ በፊት የግፊት ክዳኑ የት እንዳለ እይ። ራዲያተሩ ላይ ከሆነ ጠርሙሱን አትመን። ጠርሙሱ ላይ ከሆነ ሥራህ ቀላል ነው፤ ማግኔት ያለው ተንሳፋፊ ስዊች እንኳ ይበቃሃል፣ ብረት የመበላት ጣጣም የለበትም። ሲገዛ ግን ሙቀትና ግፊት የሚችል መሆኑ ይታይ፤ ፈሳሽ ሲኖር ከረንት የሚያሳልፈውን ዓይነት ምረጥ፣ ሽቦ ሲበጠስ እንዲጮህ።

አላርምን ሴንሰሩ ያለበትን ቦታ ብቻ በማጉደል አትፈትነው። የተፈራውን ነገር ራሱን አድርግ፤ እዚህ የተፈራው የሞተሩ ኩላንት መጉደል ነው። እኛ ጠርሙሱን ብቻ አጉድለን «ሠርቷል» ባልንበት ቀን የራዲያተሩን መክፈቻ ለአምስት ደቂቃ ከፍተን ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር ባልተሸወድን።

ግፊት ያለበት ቦታ ላይ የገባ አዲስ ዕቃ ሁሉ አዲስ የመፍሰሻ ቦታ ነው። ማገናኛው ሁለት ተጨማሪ ፋሸታ አምጥቷል። መኪናው መንገድ ከመውጣቱ በፊት ጋሼ የግፊት መፈተሻ ፓምፕ ገጥመው 1 ባር ላይ ሩብ ሰዓት አቆዩት። አንዱ ፋሸታ ላብ ላብ አለው፤ ተጠበቀ።

የመጨረሻው የጋሼ ሐሳብ ነው። ነገ ሌላ ኤሌትራውቶ ኮፈኑን ከፍቶ የማያውቀው ሽቦ ቢያይ ይቆርጠዋል። ስለዚህ የሰርኪዩቱን ሥዕል፣ የፊውዙን ቦታና «ጠዋት አንድ ጢጥ ጤና ነው» የሚል መስመር በወረቀት ጽፈን፣ በፕላስቲክ ሸፍነን ከኮፈኑ ሥር ለጠፍነው።